«ፎቁ ላይ አዳራሽ ልከፍት ነው፤ ስፕሪንክለር የግድ ነው?» ስለ ሕንፃ አገልግሎት ምደባና ስለ ላይኛ ፎቆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ተቀምጬ የሳኒተሪና የእሳት መከላከያ ዲዛይን እሠራለሁ፤ ሥራ ሲገኝ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እገባለሁ። የሚደወሉልኝ ስልኮች ታሪካቸው ተመሳሳይ ነው። ሕንፃው አልቋል፣ የታችኞቹ ሱቆች ተከራይተዋል፣ ላይኛው ፎቅ ባዶውን ከርሟል። አሁን አንድ ሰው መጥቶ «ካፌ ላድርገው»፣ «ጂም ላድርገው»፣ «የሰርግ አዳራሽ ላድርገው» ብሏል። ለእያንዳንዱ ደዋይ ከመድገም አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ሁለት ነገር እንዳይቀላቀል አስቀድሜ ልለይ። በእኛ አገር የሚያስገድደው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ፣ ደንቡና መመሪያው ነው። ከታች የማነሳቸው የካሬ ሜትርና የሰው ቁጥር ገደቦች ግን ዓለም አቀፉ የሕንፃ ኮድ ከሚባለው ሰነድ፣ የውሃው ሥሌት ደግሞ ኤንኤፍፒኤ 13 ከሚባለው የስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ከኮርኒሱ በራሱ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ) ስታንዳርድ የመጡ ናቸው። ሁለቱም አሜሪካ ውስጥ የተዘጋጁ ናቸው። እኔ እንደ መመዘኛ እጠቀምባቸዋለሁ፤ የሕንፃ ሹሙ ዘንድ ስትቀርቡ ግን የምትጠየቁት በአገሩ ሕግ ነው።

ሕንፃዬ «ምድብ ሐ» ነው ተብያለሁ። የአገልግሎት ምደባ የሚባለው ይሄ ነው?

አይደለም፤ ትልቁ መደናገርም እዚህ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃን በሦስት ይመድባል። ምድብ ሀ ባለ አንድ ወለል ሆኖ በተሸካሚ መዋቅሮቹ መካከል ያለው ርቀት 7 ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ነው። ምድብ ለ ርቀቱ ከ7 ሜትር የበለጠ፣ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ወለል ኖሮት በምድብ ሐ የማይካተት ነው። ምድብ ሐ የሕዝብ ወይም የተቋም መገልገያ፣ ፋብሪካ፣ ወርክሾፕ ወይም ቁመቱ ከ12 ሜትር የሚበልጥ ማንኛውም ሕንፃ ነው። ይህ ምድብ ማን ይንደፈው፣ ማን ይቆጣጠረው፣ የመጠቀሚያ ፈቃድ ያስፈልገዋል ወይ የሚለውን ይወስናል።

የአገልግሎት ምደባ ግን የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ወለል ላይ ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ዓለም አቀፉ ኮድ አሥር ቡድኖች አሉት፦ መሰብሰቢያ፣ ቢሮ፣ ትምህርት፣ ፋብሪካ፣ ከፍተኛ አደጋ ያለበት፣ የተቋም፣ ሱቅ፣ መኖሪያ፣ መጋዘንና ልዩ ልዩ። አንድ ሕንፃ ታች ሱቅ፣ መሀል ቢሮ፣ ላይ መሰብሰቢያ ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱም በየራሱ ይመደባል። ስለዚህ «ሕንፃዬ ምን ምድብ ነው?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ሁለተኛው ፎቅ ምን ሆኖ ሊሠራ ነው?» ነው ጥያቄው።

ግድግዳው ያው፣ ጣሪያው ያው። አገልግሎቱ ሲቀየር ምን ይለወጣል?

የሰዉ ብዛት። ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ፎቅ ላይ 60 ካሬ ሜትር ክፍል አለ እንበል። ቢሮ ሲሆን ኮዱ ለአንድ ሰው ወደ 14 ካሬ ሜትር ስለሚያስብ 5 ሰው ይቆጥራል። ሱቅ ሲሆን በ5.6 ተካፍሎ ወደ 11 ሰው ይሆናል። ጠረጴዛና ወንበር ያለው ካፌ ሲሆን በ1.4 ተካፍሎ 43 ሰው። ጠረጴዛው ወጥቶ ወንበር ብቻ ተደርድሮ የአርሰናልና የማንቸስተር ጨዋታ ሲታይበት ለአንድ ሰው 0.65 ካሬ ሜትር ነው፤ 92 ሰው ሆነ። ወንበር ያጡት ከኋላ የቆሙበትን ቅዳሜ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሁሉም ቆሞ ቢሆን ክፍሉ ወደ 130 ሰው ይይዛል ተብሎ ይሰላል።

ከ5 ወደ 92። ደረጃው ግን ለአምስቱ ተብሎ የተሠራው ያው ደረጃ ነው።

እሺ፣ ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። አንደኛ ፎቅ ላይ ካፌ ብከፍት ስፕሪንክለር ያስፈልገኛል?

በዓለም አቀፉ ኮድ ምግብና መጠጥ የሚቀርብበት መሰብሰቢያ፣ የሰርግ አዳራሽንም ጨምሮ፣ ከሦስቱ አንዱን ካሟላ ስፕሪንክለር ይጠየቃል፦ ስፋቱ ከ464 ካሬ ሜትር ከበለጠ፣ 100 ሰውና ከዚያ በላይ ከያዘ፣ ወይም ተጠቃሚዎቹ ወደ ውጭ ከሚወጡበት ወለል ውጭ በሌላ ወለል ላይ ከሆነ። ሦስተኛዋን ብዙ ሰው ያልፋታል። ምድር ላይ ያለ ባለ 80 ሰው ካፌ ላያስፈልገው ይችላል፤ ያው ካፌ አንድ ፎቅ ከወጣ ያስፈልገዋል። በላይኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው መስኮት ከፍቶ አይወጣም፤ ከእሳቱ ጋር የሚሽቀዳደመው በደረጃ ነው።

አንድ መውጫ አለ። ከ50 ሰው በታች የሚይዝ ቦታ እንደ መሰብሰቢያ አይቆጠርም፤ እንደ ቢሮ ነው የሚታየው። ስለዚህ የመቀመጫ ስፋቱ ወደ 68 ካሬ ሜትር የሆነ ካፌ ፎቅ ላይ ቢሆንም በዚህ አንቀጽ አይያዝም። «እኔ 40 ወንበር ብቻ ነው የማስገባው» የሚል መከራከሪያ ግን ብቻውን አይሠራም፤ ሥሌቱ የሚነሳው ከወለሉ ስፋት ነው፣ ዝቅ ያለ ቁጥር የሚያዘው ፈቃድ ሰጪው ሲቀበለው ነው። 12 በ9 ሜትር የሆነ ሳሎን 108 ካሬ ሜትር ነው፤ 77 ሰው። አለቀ።

ሌላም የማይጠበቅ ነገር አለ። ግዴታው ከመጣ የሚገጠመው ካፌው ውስጥ ብቻ አይደለም። ካፌው ያለበት ወለል በሙሉ፣ ከዚያም ወደ ታች መውጫው እስካለበት ወለል ድረስ ያሉት ወለሎች ሁሉ ይሸፈናሉ፤ መውጫው ያለበትም ወለል ይጨመራል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አዳራሽ የፈቀደ አከራይ የታችኞቹን ሱቆች ኮርኒስ ሊከፍት ነው ማለት ነው። ይህን የሰሙ አከራዮች ስልኩን «ቆይ እደውላለሁ» ብለው ይዘጉታል።

«አንደኛ ፎቅ» ስትሉ የትኛውን ነው?

ጥሩ ጥያቄ። እኛ ምድሩን ግራውንድ ብለን ከሱ በላይ ያለውን አንደኛ ፎቅ እንላለን፤ የአሜሪካው ኮድ ምድሩን አንድ ብሎ ይጀምራል። ኮዱ «ከሦስት ወለል በላይ ያለ ሱቅ» ሲል በእኛ አነጋገር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ነው። ጂ ፕላስ 3 ላይ የመጨረሻው ፎቅ ሱቅ ከሆነ ሥፍራው ብቻውን ስፕሪንክለር ይጠራል። ከሰነዱ ላይ በቀጥታ የገለበጡ ንድፎች እዚህች ላይ ሲሳሳቱ አይቻለሁ።

ሕንፃዬ ዳገት ላይ ነው። ከላይኛው መንገድ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ከታችኛው መንገድ ሲታይ ግን ሦስተኛ ፎቅ ነው። የትኛው ይያዝ?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ የደሴ ሰው ብቻ ነው፤ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ያለ ሰው ትዝም አይለው። ጦሳን ተደግፎ የተሠራ ከተማ ነውና ግማሹ ሕንፃ ሁለት ፊት አለው።

መልሱ በምን ጉዳይ እንደተጠየቀ ይለያያል። ለካፌው ወይም ለአዳራሹ የሚጠየቀው «ሰዎቹ በየትኛው ወለል ላይ ሆነው ወደ ውጭ ይወጣሉ?» ነው። የአዳራሹ በሮች በዚያው ወለል በቀጥታ ወደ ላይኛው መንገድ የሚያወጡ ከሆነ ያ ወለል የመውጫ ወለል ነው፤ ከታች ሲታይ ሦስተኛ ፎቅ መሆኑ በዚህ አንቀጽ አያስይዘውም። የስፋቱና የ100 ሰው ገደቡ ግን እንዳሉ ናቸው። ደግሞ መውጫው እውነተኛ መውጫ መሆን አለበት። ላይኛው በር ለባለቤቱ መኪና ብቻ የሚከፈት፣ እንግዳው ሁሉ በታችኛው ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ራሳችንን ነው የምናታልለው።

ቁመት ሲለካ ግን ነገሩ ይገለበጣል። 30 ሰውና ከዚያ በላይ የሚይዝ ወለል የእሳት አደጋ መኪና ሊደርስበት ከሚችለው ዝቅተኛ ቦታ ወደ 16.8 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ካለ፣ ቢሮም ይሁን ሌላ፣ ሕንፃው በሙሉ ስፕሪንክለር ይጠየቃል። ወለሉ ከ22.9 ሜትር ካለፈ ደግሞ ረጅም ሕንፃ ተብሎ ሌላ የግዴታ ዝርዝር ይከተላል። መለኪያው የሚጀምረው ከታችኛው መንገድ ነው። ስለዚህ ከላይ በኩል «አራት ፎቅ ብቻ» የሚመስለው ሕንፃ ከታች ሲለካ ገደቡን ሊሻገር ይችላል። ዲዛይን ከመጀመሩ በፊት የቅየሳ ባለሙያ አምጥታችሁ የሁለቱንም መንገድ ከፍታ አስለኩ።

ጂም፣ ክሊኒክ፣ ኮሌጅ፣ ፔንሲዮን፣ የሕፃናት ማቆያስ?

ባጭሩ። ጂምና የጸሎት ቦታ ምግብ የሌለበት መሰብሰቢያ ናቸው፤ ገደባቸው 1,115 ካሬ ሜትርና 300 ሰው ነው፣ የላይኛ ፎቁ አንቀጽ ግን ለእነሱም ይሠራል። ኮሌጅ የሚገርመው ከ12ኛ ክፍል በላይ ስለሆነ እንደ ቢሮ ነው የሚመደበው፤ ትልቅ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ካለው ያ ለብቻው ይታያል። ታካሚው በእግሩ ገብቶ በእግሩ የሚወጣበት ክሊኒክም ቢሮ ነው፤ በማደንዘዣ ያለ ሰው የሚታከምበት ከሆነ ግን ቢሮ ቢባልም የራሱ ጠበቅ ያለ የስፕሪንክለር ግዴታ አለው። ፔንሲዮን፣ ሆቴልና አፓርታማ መኖሪያ ናቸው፤ በዓለም አቀፉ ኮድ ፎቅ ሳይቆጠር ስፕሪንክለር ይጠየቃሉ፣ የተኛ ሰው ጭስ አይሸትተውምና።

የሕፃናት ማቆያ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዕድሜያቸው ሁለት ዓመት ተኩልና ከዚያ በታች የሆኑ ከአምስት በላይ ሕፃናት የሚቆዩበት ቤት የተቋም ቡድን ውስጥ ይገባል። ምድር ላይ ሆኖ ከየክፍሉ በቀጥታ ወደ ውጭ በር ካለው ከስፕሪንክለር ነፃ ሊሆን ይችላል፤ ፎቅ ላይ ግን አይሆንም። አንዲት ሞግዚት በእሳት ሰዓት ስንት ሕፃን ታቅፋ ደረጃ እንደምትወርድ ማሰብ ይበቃል።

ፍራሽና ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ከሰል በማንደጃ እየገባ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሰው የሚቀመጥበት የበርጫ ክፍልም አለ። ንድፍ ላይ ማንም እንዲህ ብሎ አይጽፈውም፤ «ቢሮ» ወይም «መኖሪያ» ነው የሚለው። ስፖንጅ፣ ፍም፣ መጋረጃ የተጋረደበት መስኮትና አንድ ጠባብ በር አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ከካፌ የባሰ ነው፤ እኔ ሳሰላው እንደ መሰብሰቢያ ነው የማሰላው።

ውሃው ስንት ነው? ጣሪያ ላይ ሁለት ሮቶ አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚደነግጠው። ቀላል አደጋ ለሚባለው፣ ማለትም ለቢሮና ለካፌ መቀመጫ፣ የሥሌቱ መነሻ 139 ካሬ ሜትር ላይ በደቂቃ 4.1 ሚሊ ሜትር ውሃ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 4.1 ሊትር፣ ማፍሰስ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጎማ የሚወስደው ሲጨመር በደቂቃ 950 ሊትር ገደማ ይሆናል። ለ30 ደቂቃ ወደ 28,000 ሊትር፤ አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሦስት ማለት ነው።

ታች ያሉት ሱቆች ግን ቀላል አደጋ አይደሉም። ጨርቃ ጨርቅ፣ ጫማና ፕላስቲክ የሚሸጥበት ሱቅ በደቂቃ 8.1 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል፤ የጎማው ድርሻም ይጨምራል፣ ጊዜው ቢያንስ 60 ደቂቃ ይሆናል። ድምሩ ወደ 125,000 ሊትር ነው። ቅድም እንዳልኩት የፎቁ አዳራሽ የታችኞቹንም ሱቆች ይዞ ስለሚመጣ ገንዳው የሚሰላው በከባዱ ነው። ስድስት በሰባት ሜትር ሆኖ ሦስት ሜትር የሚጠልቅ የምድር ገንዳ፣ ለእሳት ብቻ። የመስመር ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ «ለዛሬ ብቻ እንቅዳ» የሚባልበት ገንዳ አይደለም፤ የመጠጥ ውሃው ቱቦ ከእሳቱ ክምችት በላይ ካልወጣ በስተቀር ቀስ በቀስ ባዶ ያደርጉታል።

ሮቶው እኮ ጣሪያ ላይ ነው፤ በራሱ ክብደት አይወርድም?

ይወርዳል፤ ግፊት ግን የለውም። አሥር ሜትር ቁመት አንድ ባር ገደማ ይሰጣል። ከላይኛው ኮርኒስ ሦስት ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ 0.3 ባር ነው። ስፕሪንክለር በትንሹ 0.5 ባር ይፈልጋል፣ አንዱ ራስ (ውሃው የሚረጭበት አፍ) 20 ካሬ ሜትር እንዲሸፍን ከተፈለገ ደግሞ ከ1 ባር በላይ። የሚያስቀው፣ አዳራሹ ያለው ላይ፣ ግፊቱ ያለው ታች ነው። ስለዚህ ፓምፕ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋም የሚሠራ፣ ማለትም በዲዝል ወይም በራሱ ጀነሬተር።

የዲዝል ፓምፕ ስትገዙ ከፍታችንን አትርሱ። የፓምፑ ስታንዳርድ ከ90 ሜትር ገደማ በላይ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ያህል የሞተሩን ጉልበት 3 በመቶ ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሩብ ያህሉ ይሄዳል፤ ካታሎጉ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የሚል ሞተር እዚህ 76 አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ቅናሹ ወደ 17 በመቶ ይሆናል። አዲስ አበባ ያለ አስመጪ «ይበቃዋል» ሲላችሁ የት እንደሚተከል ነግራችሁት እንደሆነ ጠይቁ። አየሩም ስለሚሳሳ ፓምፕ ከታች ወደ ላይ የመምጠጥ አቅሙ ይቀንሳል፤ ፓምፑን ከገንዳው አፍ በላይ ሳይሆን ከውሃው በታች አስቀምጡት።

የደሴ ብርድ ቧንቧውን አያቀዘቅዘውም?

አያቀዘቅዘውም። ቧንቧው ያለበት ቦታ ከ4 ዲግሪ በታች እስካልወረደ ድረስ ውሃ ሞልቶ መቆየት ይችላል፤ የቤት ውስጥ ብርዳችን እዚያ አይደርስም።

ቡና ሲቆላ ወይም እጣን ሲጨስ ሁሉም ይከፈትና እቃዬን ያጥበዋል?

አብሽሩ። ፊልም ላይ ያለው ነው እንዲያ የሚያደርገው። ስፕሪንክለር ጭስ አያውቅም፤ የሚያውቀው ሙቀት ነው። ቀይ ፈሳሽ ያለባት ትንሽ ጠርሙስ በ68 ዲግሪ ትፈነዳለች፤ የሚከፈተውም እሳቱ አጠገብ ያለው ራስ ብቻ ነው። ወጥ ቤት ላይ ምድጃና ምጣድ ስላለ አረንጓዴውን፣ በ93 ዲግሪ የሚከፈተውን እናደርጋለን። የሚያበላሸው ቀለም ቀቢ ነው። ኮርኒሱን ሲቀባ ራሱንም አብሮ ይቀባዋል፤ የተቀባ ራስ ታጥቦ አይመለስም፣ ይቀየራል።

የግድግዳ ጎማና የእጅ ማጥፊያ ሲሊንደር አለኝ። አይበቃም?

ሁለቱም ሰው ይፈልጋሉ፦ ነቅቶ ያለ፣ ያልደነገጠ፣ የሚያውቅበት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማን ነው ያለው? ሲሊንደሩ አስፈላጊ ነው፤ የስፕሪንክለርን ቦታ ግን አይተካም።

ኮምቦልቻ ላይ የልብስ ስፌት ሥራ ፎቅ ላይ ልጀምር ነው፤ መጋዘንም አለኝ።

ልብስ ስፌት መካከለኛ አደጋ ያለበት ፋብሪካ ነው። ስፋቱ ከ1,115 ካሬ ሜትር ከበለጠ፣ ወይም በእኛ አቆጣጠር ሦስተኛ ፎቅና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም በሁሉም ወለል ያለው ድምር ከ2,230 ካሬ ሜትር ካለፈ ስፕሪንክለር ይጠየቃል። መጋዘንም በተመሳሳይ ነው። የስፖንጅ ፍራሽ ግን የተለየ ነው፦ የሚከማችበት ወይም የሚመረትበት ቦታ ከ232 ካሬ ሜትር ካለፈ ይበቃል፤ ለሽያጭ የሚደረደርበት ሱቅ ደግሞ ከ464። ሶፋ ሠሪዎች ይህቺን ያዟት።

ቁጥሮቹ ከባዶ አልተነሱም። በ1911 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ትራያንግል የተባለ የሸሚዝ ፋብሪካ ሲቃጠል ሥራው የነበረው በሕንፃው ስምንተኛ፣ ዘጠነኛና አሥረኛ ወለል ላይ ነው። የእሳት አደጋ መሰላሉ ስድስተኛው ወለል ላይ አቆመ፤ አንዱ የመውጫ በር ተቆልፎ ነበር። 146 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴት ሠራተኞች ነበሩ።

ሕንፃው አንድ ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ስፕሪንክለር ካስገባሁ ሁለተኛ ደረጃ ይቀርልኛል?

ለአዳራሽ አይቀርም። ከ50 ሰው ጀምሮ ሁለት መውጫ፣ ከ500 በላይ ሦስት ነው። ሁለቱም ጎን ለጎን ሆነው አንድ ኮሪደር ላይ የሚያወጡ ከሆነ ሁለት አይባሉም። የአዳራሹ በር ወደ ውጭ ይከፈት፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ሰው ሲገፋው ይዘጋል። ለእኔ ከስፕሪንክለሩ በፊት የሚታየው ይሄ ነው፤ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ አዳራሹን አትክፈቱ፣ ለቢሮ አከራዩት።

ፈቃዱን ማን ያወጣል፣ ተከራዩ ወይስ አከራዩ?

ሕንፃው የአከራዩ ነውና ፋይሉ በእሱ ስም ነው። የተፈቀደው ንድፍ ላይ «ቢሮ» የሚል ወለል አዳራሽ ሊሆን ሲል የአገልግሎት ለውጥ ነው፤ ወደ ከተማው የሕንፃ ሹም ማመልከቻና የተሻሻለ ንድፍ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። የንግድ ፈቃድ ማውጣት ይህን አይተካም፤ ብዙ ተከራይ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። የሚከራየው ሰው ቀለምና ዲኮር ላይ ገንዘቡን ከማፍሰሱ በፊት የጸደቀውን ንድፍ ቅጂ ይጠይቅ። አከራዩ «አታስብ» ካለ ማሰብ ይጀምር።

ቧንቧው የመሬት መንቀጥቀጥ ይችላል?

በሽቦ የተንጠለጠለ ከሆነ አይችልም። የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነን፤ በ1953 ዓ.ም. ከእኛ ወደ ደቡብ ካራ ቆሬና ማጀቴ ላይ የደረሰውን ሽማግሌዎች ያስታውሱታል። ዋናው ቧንቧ ወደ ጎን እንዳይወዛወዝ በብረት ማገሪያ ይያዝ፤ ግድግዳ ሰብሮ በሚያልፍበት ቦታም ክፍተት ይተውለት።

አስገብቼ ጨርሻለሁ። ከዚህ በኋላ ምን ልጠብቅ?

ቫልቩን። አንድ ፔንሲዮን ላይ ርክክብ ካደረግን ከዓመት ገደማ በኋላ ለሌላ ጉዳይ ገብቼ ዋናው ቫልቭ ተዘግቶ አገኘሁት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ መገጣጠሚያ ጠብ ጠብ ሲል ዘበኛው ዘግቶት ነበር፤ መገጣጠሚያው ተጠግኗል፣ ቫልቩን መክፈት ግን የማንም ሥራ አልነበረም። አሁን ለደንበኞቼ ሁሉ ቫልቩን ከፍቼ በሰንሰለትና በቁልፍ አሥርላቸዋለሁ፤ ቁልፉም አንድ ስሙ የሚታወቅ ሰው ዘንድ ይቀመጣል። የዲዝል ፓምፑ በየሳምንቱ 30 ደቂቃ ይነሳ፤ ቀኑም በመዝገብ ይጻፍ። ባትሪው ሲሞት የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።